የተቀደደው ሙሻማ

ሰውየው ዘግይቷል።

የኔነሽ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ቆማ ጫት የምትገዛ መስላለች። የምሳ ሰዓት ነው። ድሬዳዋ በዚህ ሰዓት በሯን ዘግታ ትተኛለች፤ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የቆሙት የጋሪ ፈረሶች እንኳ አንገታቸውን ደፍተው ያንቀላፋሉ። እንዲህ ባለው ሐሩር መንገድ ላይ የሚታይ ሰው ወይ ከሰው የሚሸሽ ነው፣ ወይ ሰው የሚከተል።

እሷ ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆነች ዛሬ እርግጠኛ አልነበረችም።

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ዘነበች ነው የሚሏት፤ አውሮፕላን የምታጸዳና የጓዳውን ውሃ የምትሞላ ሠራተኛ። ለላካት የጸጥታ መሥሪያ ቤት ደግሞ ‹ማንኪያ› ናት። እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ አለቃዋ ሻለቃ በዛብህ።

ከጣቢያው በኩል አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ብቅ አለ። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ እስር ብብቱ ሥር ይዟል።

«የአወዳይ ነው?» አለችው።

«የአወዳይ አልቋል። የደደር ነው።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ድምፁ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዱዓሌ የአውሮፕላን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ቀልድ የሚወድ፣ መሐል ሥራ ላይ የሚዘፍን ሰው ነበር። አሁን ከንፈሩ ደርቋል።

«አባዮ» አላት። እህቴ ማለቱ ነው። «ወላሂ፣ ሌሊቱን ዓይኔን አልከደንኩም።»

«ቀስ ብለህ ንገረኝ። እየመረጥኩ ነኝ፤ አንተም እንደሚከራከር ሰው ሁን።»

ቅጠሉን ገለጠላት። የጫቱን እንጨት እየነካካች አዳመጠችው።

«ከአውሮፕላኑ ጓዳ ወለል ሥር ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«ሬዲዮው።»

«ሬዲዮው፣ ኮምፓሱ፣ የካፒቴኑ መርፌዎች ሁሉ የሚሠሩባቸው ሳጥኖች። ከላያቸው ደግሞ አንቺ የምትሞዪው የውሃ በርሜል አለ። አውሮፕላኑ አርጅቷል፣ ቧንቧው ሁሌ ያፈሳል። ለዚህ ነው ሳጥኖቹ ላይ ሙሻማ እንደ ድንኳን የወጠርነው። ውሃው በሙሻማው ተንሸራቶ ከሥር ያለው ሳህን ላይ ይወርዳል፤ ከሳህኑ ደግሞ በቀዳዳ ወደ ውጭ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«ሙሻማውን በምላጭ ቀድደውታል። ከእጥፋቱ ሥር፣ ሰው እንዳያየው አድርገው። የሳህኑንም ቀዳዳ በሰም ደፍነውታል።»

የኔነሽ የያዘችውን የጫት እንጨት መልሳ አስቀመጠች።

«ስለዚህ ውሃው ካፈሰሰ...»

«የሚሄድበት የለውም። ሳጥኖቹን ያጠጣቸዋል። ተራራው ላይ ደመና ውስጥ ሲገባ ካፒቴኑ ዓይኑ ይጠፋል፣ ጆሮው ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ማን ምን ይላል? አሮጌ አውሮፕላን፣ ያረጀ ቧንቧ። ውሃ ነው አቦ! ውሃን ማን ይከሳል?»

ነገ ጠዋት በዚያ አውሮፕላን የሚሄዱት የድንበሩ ሽማግሌዎች ናቸው። የሁለቱም ወገን። ወራት ሙሉ ደም ሲፋሰሱ ከርመው ጃንሆይ ፊት ሊታረቁ ነው። መንገድ ላይ ከሞቱ እያንዳንዱ ወገን ሌላውን ይጠረጥራል። ድንበሩ እንደገና ይነድዳል።

«ለምን አልቀየርከውም?»

«ያ አዲሱ መካኒክ፣ ክፍሌ፣ ከአውሮፕላኑ ሥር አይጠፋም። ከተቀደደው ጫፍ ቁራጭ ብቻ ይዤ ወጣሁ። ከቅጠሉ ሥር አለልሽ።» ምራቁን ለመዋጥ ሞከረ። «ሳይ... ሳያየኝ አልቀረም።»

ከመንገዱ ማዶ የሞተር ብስክሌት ድምፅ ተሰማ።

ሁለቱም አልዞሩም።

ሞተሩ ዝግ ብሎ አለፈ። ጥቂት እልፍ አለና ድምፁ ጠፋ። አልራቀም። ቆሟል።

«ዛሬ ቤትህ አትደር» አለችው እስሩን እየተቀበለች።

«ሚስቴን ፋርሒያን ብቻዋን የት ልተዋት?» አለና ሄደ። እንዳይሮጥ እግሩን እየታገለ እንደሚሄድ ከኋላው ያስታውቅ ነበር።

ቤቷ ገብታ መስኮቷ ላይ ቢጫ ሻሽ ሰቀለች። አስቸኳይ ነው ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ የሻለቃው ግራጫ ፊያት ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ሁልጊዜ የሚገናኙበት ቦታ ቆማ አገኘቻት። ከኋላ ገባች።

ሻለቃ በዛብህ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። መነጽሩን እየወለወለ የነገረችውን ሁሉ ሰማ። ቁራጩን ሙሻማ ግን አላሳየችውም። ለምን እንዳላሳየችው ራሷም አታውቅም፤ መቀነቷ ውስጥ ነበር፣ እጇ አልታዘዝ አላት።

«ማን ነገረሽ?»

የምንጭን ስም ለአለቃ መንገር ደንብ ነው።

«ዱዓሌ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው።»

«ጎበዝ።» መነጽሩን አጠለቀ። «በይ እንግዲህ ምንም ነገር እንዳትነኪ። እጅ ከፍንጅ ነው የምንይዛቸው። ነገ እንደ ወትሮሽ ሥራሽን ሥሪ። ውሃውን እስከ አፉ ሙይው።»

«እሺ ጌታዬ።»

ወርዳ ጥቂት እንደተራመደች ቆም አለች።

እስከ አፉ?

ካፒቴኑ ለዚህ አጭር መንገድ ከግማሽ በላይ አስሞልቶ አያውቅም። ክብደት አይወድም። ሻለቃው ስለ ውሃው ምን አገባው?

ከአንድ ግንብ ጥግ ተጠግታ ዞር አለች። ሞተር ብስክሌቱ ፊያቷ ጎን ቆሟል። ክፍሌ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ያወራል። ሻለቃው ሲጋራውን ለኮሰለት።

ተሳሳቁ።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባት። ኮንትሮባንድ ትጠብቂያለሽ ብሎ እዚያ ያስገባት እሱ ነው። ከሥራው ሁሉ መርጦ ውሃ እንድትሞላ ያደረጋት እሱ ነው። አውሮፕላኑ ሲወድቅ፣ ያለ ልክ ሞልታ ያፈሰሰችው ዘነበች የምትባል የጽዳት ሠራተኛ ናት ይባላል። ዘነበች ትፈለጋለች። ዘነበች ዘመድ የላትም፣ አገር የላትም፤ አንድ ቦታ ሞታ ብትገኝ የሚጠይቅ የለም። ስትሰልል የከረመች መስሏት ነበር። ጥፋት የምትሸከም ሴት ፈልገው ነው ያስቀመጧት።

የዱዓሌንም ስም በገዛ አፏ ሰጥታዋለች።

ወደ መጋላ፣ ወደ ዱዓሌ ቤት ሮጠች።

በሩን የከፈተችላት ወጣት ሴት ናት፤ ጨቅላ ልጅ ታቅፋለች።

«ዱዓሌ አለ?»

«አልመጣም። ምነው? ምን ሆነ?»

«ከመጣ በሩን ሳይገባ ወደ ሐረር ይሂድ። እንዳይቆም በይው።»

«አንቺ ማነሽ?»

የኔነሽ መልስ ሳትሰጥ ወደ ገበያው ሰው ገብታ ጠፋች።

በማግስቱ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ዘበኞቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

«ሰማሽ ዘነበች? ያ ሱማሌው፣ ኤሌክትሪኩ... ባቡር ገጨው አሉ። ከፉርጎ ዕቃ ሊሰርቅ ወጥቶ ነው የሚሉት።»

«ማን ነው ያለው?»

«ፖሊስ ነዋ።»

ባልዲዋን አነሳች።

መሸሽ ትችላለች። ባቡሩ አለ፣ በረሃው አለ። ማንም አይወቅሳትም። ሽማግሌዎቹ ግን ኩታቸውን አጣፍተው፣ ሽርጣቸውን አሳምረው፣ በትራቸውን ይዘው ጥላው ሥር ተቀምጠዋል። አንዱ አውሮፕላን አይቶ የማያውቅ መሆን አለበት፤ ክንፉን እያየ ከጎኑ ያለውን የጠላቱን ወገን ሽማግሌ ክንድ ይዟል።

ወደ አውሮፕላኑ ሄደች።

ክፍሌ ቱታ ለብሶ ደረጃው ሥር ቆሟል። የቱታው አንድ ኪስ ወደ ታች ከብዷል።

«ሙይ» አላት። «እስከ አፉ።»

ሞላች። ውሃው ወደ በርሜሉ ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ ያን ቀን ያህል ጠልታው አታውቅም።

አስተናጋጇ የሺመቤት ጓዳው ውስጥ ብርጭቆ ትደረድር ነበር። ሳቂታ የከዚራ ልጅ ናት፤ አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው። የኔነሽ ወለሉን የምትወለውል መስላ ጎንበስ አለች።

«የሺዬ፣ አትዙሪ። ብርጭቆሽን ደርድሪ።»

«ምነው?»

ቁራጩን ሙሻማ እጇ ውስጥ ከተተችላት። «ከመሬት ከተነሣችሁ በኋላ ለካፒቴን አለምብርሃን ስጪው። ሬዲዮውን የሚሸፍነው ሙሻማ ነው፣ በምላጭ የተቀደደ። ያስቀደደው ሻለቃ በዛብህ ነው በይው።»

ብርጭቆው ተንኳኳ።

«አሁኑኑ ለምን አንነግረውም?»

«ትናንት የተናገረው ሰው ሞቷል። አሁን ከተናገርሽ ክፍሌ ደረጃው ላይ ነው፣ ሻለቃውም በሩ ላይ። ይህ አውሮፕላን ቢቀር ሌላ ወጥመድ ያዘጋጃሉ። ሰማይ ላይ ግን አይደርሱባችሁም።»

«እኛስ? ልንወድቅ ነው?» የሺመቤት ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ሥር ገብቼ አስተካክለዋለሁ።»

«ትችያለሽ?»

የኔነሽ መዋሸት ፈለገች። «እሞክራለሁ» አለች።

ባልዲውን ይዛ ወረደች፣ ክፍሌን አልፋ፣ የቆሸሸውን ውሃ የምትደፋ መስላ በአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ዞረች። ክፍሌ ወደ ላይ ሲወጣ ሰማችው። ሆዱ ላይ ያለችውን ትንሽ መግቢያ ከፍታ በእጆቿ ተንጠላጥላ ገባች። መዝጊያውን ከውስጥ ሳበችው።

ጨለማ። ሙቀት። የዘይትና የጎማ ሽታ።

በዳበሳ ሳህኑን አገኘችው፤ ቀዳዳውንም። ሰሙን በፀጉር መርፌዋ መቧጨር ጀመረች። ጠንክሯል። መርፌው ታጠፈ። በጥፍሯ ቀጠለች።

ከላይዋ እርምጃ ተሰማ። ከባድ የወንድ እርምጃ። ጓዳው ውስጥ ቆመ።

ብረት ከብረት ጋር ተፋጨ። የቧንቧውን ማሰሪያ እየፈታው ነው።

የመጀመሪያዋ ጠብታ ማጅራቷ ላይ አረፈች።

የለበሰችውን የሙሻማ ሽርጥ ፈታች። ለማጠቢያ የሚሰጣቸው ሽርጥ ነው፤ ውሃ አያሳልፍም። በተቀደደው ላይ ዘርግታ አንዱን ጫፍ በሻሿ ከብረቱ ጋር አሰረችው። ሌላው ጫፍ የሚታሰርበት አጣ። በእጇ ያዘችው።

በዚህ መሐል ሳጥኖቹ እንደ ንብ መንጋ እምም ማለት ጀመሩ። ካፒቴኑ ኃይሉን ለቆታል።

ውሃው አሁን ጠብታ መሆኑ ቀርቷል። በጀርባዋ፣ በክንዷ፣ በጡቷ መሐል ይወርዳል። ሽቦዎቹ ከክርኗ አጠገብ ናቸው። ብትንቀጠቀጥ ትነካቸዋለች። ሰውነቷ ደግሞ አልቆም ብሏት ይንቀጠቀጣል። ጥርሷን ነክሳ የዱዓሌን ድምፅ ለማስታወስ ሞከረች፤ ውሃው በሙሻማው ተንሸራቶ፣ ሳህኑ ላይ...

ሳህኑ እየሞላ ነው።

በግራ እጇ ሽርጡን እንደያዘች በቀኟ ጣት ሰሙን ገፋችው። ጥፍሯ ተነቀለ። ጩኸቷን ዋጠችው። እንደገና ገፋች።

ሰሙ ወደቀ።

ውሃው እየተንፎለፎለ ወደ ውጭ ሲወርድ ሰማች። እፎይ ልትል ስትል አዲስ ፍርሃት ያዛት። ድምፁን ሌላም ሰው ይሰማዋል። ክፍሌ ደረጃውን ወርዷል።

እርምጃው መጣ። ከሥሯ ቆመ።

ውሃ መውረድ በሌለበት ቦታ ውሃ እየወረደ ነው። እሱም ያንን ያውቃል።

መዝጊያው ከውጭ ተነቀነቀ። ሽርጡን በጥርሷ ነክሳ ሁለት እጇን ነጻ አደረገች፣ መዝጊያውን ያዘች። እሱ ሳበ። እሷም ሳበች። በጠባቧ ክፍተት ጣቶቹን አየቻቸው፤ ትናንት ሲጋራ የያዙት ጣቶች።

«አንተ ሰው!» የካፒቴኑ ድምፅ ነው፣ ከላይ ከመስኮት። «ሞተር ላስነሣ ነው! ውጣ ከዚያ፣ ልትሞት ነው?»

ክፍሌ አልለቀቀም።

የመጀመሪያው ሞተር አጓራ። አውሮፕላኑ በሙሉ ተርገፈገፈ። ጣቶቹ ጠፉ።

ሽርጡን አጥብቃ የምታስርበት ነገር ፈለገች፤ አልነበረም። የቀሚሷን ጫፍ ቀድዳ፣ አጣምራ፣ ከሳጥኑ እግር ጋር ቋጠረችው። ሳበችው። ያዘ። ውሃው በሽርጡ ላይ ተንሸራቶ ሳህኑ ውስጥ ሲገባ፣ ከሳህኑም ሲወጣ በእጇ እየዳሰሰች አረጋገጠች። የሳጥኖቹ ራስ ደረቅ ነበር።

መዝጊያውን ከፍታ ወረደችና መልሳ ገጥማ አጠበቀችው። የአራቱም ሞተሮች ነፋስ መታት። በሆዷ እየተሳበች ወደ ጭራው ወጣች። ጎማዎቹ መዞር ሲጀምሩ መሬት ላይ ተደፍታ ነበር።

አውሮፕላኑ ተንደርድሮ ተነሣ።

ቀና ስትል ከአቧራው ማዶ ፊያቷን አየች። ክፍሌ እየጠቆመ ይናገራል። ሻለቃ በዛብህ ግን አውሮፕላኑን አይመለከትም ነበር። ውሃ ነክሮ ሰውነቷ ላይ የለጠፈውን ቀሚሷን ነው የሚያየው።

ገባው።

ሮጠች። የአጥሩ ሽቦ የተቀደደበትን ታውቀዋለች፤ ትከሻዋን ቧጥጦ አሳለፋት። ከኋላዋ ሞተር ብስክሌቱ ተነሣ። ድምፁ ቀረበ፣ ቀረበ። ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደች። ሌሊት ከተራራው የወረደው ጎርፍ አልፏል፤ አሸዋው ግን ገና እንደ ገንፎ ለስላሳ ነበር። እሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጣት። ሞተር ብስክሌቱን እስከ ግማሽ ጎማው ዋጠው። ክፍሌ ሲወድቅና ሲሳደብ ሰማች።

ተኩስ።

አሸዋው ከእግሯ አጠገብ ተፈናጠረ።

አልዞረችም። ማዶ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ጩኸት ነበር፣ ማዶ ግመሎች፣ ማዶ ገበያ። አንዲት ጫት ሻጭ ቀና ብላ አየቻት፣ ምንም ሳትጠይቅ ከትከሻዋ ላይ ጋርሳዋን፣ ትልቁን መከናነቢያዋን፣ አውልቃ ወረወረችላት። የኔነሽ ራሷን ተከናንባ ከሻጮቹ መሐል ቁጭ አለች። ክፍሌ ሽጉጡን ደብቆ እያለከለከ አለፈ። መቶ ሴት አየ። አንዷንም አላየም።

ከሰዓት በኋላ ቡና ቤቱ ደጃፍ የተቀመጠው ሬዲዮ የድንበሩ ሽማግሌዎች በሰላም አዲስ አበባ መግባታቸውን ተናገረ። የጫት ሻጯ ጓዳ ውስጥ ተኝታ ሰማችው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ቁራጩ ሙሻማ ካፒቴኑ እጅ ገብቶ ስለነበር፣ በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ሻለቃ በዛብህን ከቤቱ ወሰዱት። ክፍሌን የድንበር ጠባቂዎች ያዙት። ጋዜጣ ላይ አንድ ቃል አልወጣም። ለከተማው ሻለቃው ተዛወረ ተባለ። ዘነበች የምትባል የጽዳት ሠራተኛ ሥራዋን ጥላ ጠፋች ተባለ። ዱዓሌም ሌባ እንደተባለ ቀረ። ያንን ስም ለማንጻት የተደበቀውን ሁሉ መግለጥ ያስፈልጋል፤ ያን ደግሞ የፈለገ ባለሥልጣን አልነበረም። የኔነሽ ብትቀርብ ደግሞ ማን ናት? ማን እንደሆነች የሚያውቀው ብቸኛ ሰው የከዳት ሰው ነው።

ከተማውን ለቅቃ ከመሄዷ በፊት መጋላ ሄደች። ፋርሒያ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። አወቀቻት።

«አንቺ ነሽ። ያን ቀን የመጣሽው።»

«እኔ ነኝ።»

«ጎረቤት ሰላም አይለኝም። የሌባ ሚስት ነው የሚሉኝ።»

«ባልሽ አልሰረቀም» አለች የኔነሽ። አጠገቧ ተቀመጠች። «አውሮፕላን ሊጥሉ ነበር። በውሃ። እሱ ነው ያየው፣ እሱ ነው የነገረኝ። በዚያ አውሮፕላን የሄዱት ሽማግሌዎች ሁሉ በሕይወት ያሉት በሱ ነው። እሱን የገደሉት ደግሞ... ስሙን ለማይገባው ሰው የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ፋርሒያ ሕፃኑን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«ይህን ዳኛ ፊት ትናገሪያለሽ?»

«አልችልም። አያምኑኝም፤ ካመኑኝም አይለቁኝም።»

«ለጎረቤት?»

የኔነሽ ተነሥታ በሩን ከፈተች። ደጃፉ ላይ ሁለት ሽማግሌዎችና ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ነበሩ። ሰላይ በሆነችባቸው ዓመታት ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

«ዱዓሌ ሌባ አይደለም!» አለች። «አብሬው ሠርቻለሁ። ሰው ሲያድን ነው የሞተው!»

ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ቀሩ። አንደኛው ሽማግሌ ቀስ ብሎ በሱማሊኛ ምርቃት ቢጤ አጉረመረመ። ያመኑ ይሁን ያላመኑ አላወቀችም።

ፋርሒያ ከኋላዋ መጥታ ቆመች።

«አንድ ነገር ንገሪኝ» አለች። «ፈርቶ ነበር?»

«በጣም። እንደኔው።»

«ግን መጣ?»

«መጣ።»

ፋርሒያ ራሷን ነቀነቀች። ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋችና በሩን ክፍት እንደተወችው ወደ ውስጥ ተመለሰች።

የጅቡቲው ባቡር ሲነሣ ሦስተኛ ማዕረግ ውስጥ በጋርሳ የተከናነበች አንዲት ሴት ከዕቃና ከፍየል መሐል ተቀምጣ ነበር። አንድ የጣት ጥፍሯ የለም። ተቆጣጣሪው ትኬቷን ቀድዶ መለሰላትና፣ ፊቷን እንኳ ሳያይ፣ ወደ ቀጣዩ መንገደኛ አለፈ።